ከአውሮፕላን መስኮት ጥሩ እይታ የሚሰጥ መቀመጫ አመራረጥ፦ ከቦሌ ለሚነሱና ወደ ቦሌ ለሚመለሱ ረጅም በረራዎች

የመስኮት መቀመጫ ያገኘ ሁሉ እይታ አገኘ ማለት አይደለም። ሌሊቱንም ቀኑንም ክንፍ ብቻ ሲያይ የሚደርስ ተሳፋሪ አለ። ኪሊማንጃሮ በግራ ሲያልፍ በቀኝ ተቀምጦ የሰው ጀርባ የሚያይም አለ። ትኬቱ ላይ «መስኮት» ተብሎ ተጽፎለት አጠገቡ ልሙጥ ግድግዳ የሚጠብቀውም አይጠፋም። ሦስቱም የሚሳሳቱት በአንድ ምክንያት ነው፦ መጀመሪያ መቀመጫውን ይመርጡና ስለሚታየው ነገር በኋላ ያስባሉ። ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ማየት የሚፈለገው ነገር ይቀድማል፣ ከዚያ አውሮፕላኑ የሚሄድበት መንገድ፣ ከዚያ ሰዓቱ፣ ከዚያ ግራ ወይስ ቀኝ የሚለው፣ ከዚያ የአውሮፕላኑ ዓይነት ይመጣል። የረድፍ ቁጥር የመጨረሻው ነው።

1. ከላይ ሆኖ ምን ይታያል?

በረጅም በረራ አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይሄዳል። ከ11 ኪሎ ሜትር ላይ አድማሱ 370 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ቁጥሩ ያጓጓል፤ ግን አድማሱ አካባቢ ያለው ነገር በአቧራና በጭጋግ ስለሚሸፈን ከበረዷማ ተራራ በቀር እምብዛም አይለይም። በሌላ በኩል ደግሞ በቀጥታ ከእግርዎ በታች ያለው አይታይም። ግድግዳው ወፍራም ነው፣ መስታወቱም ጠባብ ነው፤ ግንባርን አስደግፈው ቁልቁል ቢያዩ እንኳን እስከ 45 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ 45 ዲግሪ ማለት ከመንገዱ ወደ ጎን 11 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ የቀረበ ሐይቅ ወይም ከተማ በግራም በቀኝም ላለው ሰው የተደበቀ ነው።

ስለዚህ ጥሩው ቀጠና ከመንገዱ ከ15 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ወደ ጎን ያለው ነው። ትልቅ ተራራ ከሆነ በጠራ ማለዳ 150፣ አንዳንዴ 200 ኪሎ ሜትርም ሆኖ ይታያል፤ ትንሽ ሆኖ ግን። በበረራ ላይ ርቀት ለመገመት ቀላል ዘዴ አለ፦ ክንድዎን ዘርግተው ጡጫዎን ከአድማሱ በታች ያስተካክሉ። ጡጫ ወደ 10 ዲግሪ ይሸፍናል። ከ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከሆኑ፣ በጡጫዎ ታችኛው ጠርዝ በኩል የሚታየው መሬት ወደ 45 ኪሎ ሜትር ይርቃል።

2. መንገዱን ይወቁ፤ ካርታ ላይ መስመር አይስመሩ

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በግድግዳ ካርታ ላይ ቀጥታ መስመር ቢያሰምሩ መንገዱ አትላንቲክን በመሃል የሚሻገር ይመስላል። መሬት ክብ ስለሆነች ግን አጭሩ መንገድ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ወጥቶ፣ ሜዲትራኒያንን አቋርጦ፣ በምዕራብ አውሮፓ በኩል ነው የሚሄደው። ካርታው የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው አሳሳች ነገር ፖለቲካ ነው። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተነሳ በኋላ የሱዳን ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላኖች ተዘጋ፤ ወደ ሰሜን የሚሄዱ በረራዎችም ዙሪያውን መሄድ ጀመሩ። ከዚያ በፊት የተጻፈ «በግራ ቢቀመጡ ካርቱም ላይ ነጭና ጥቁር ዓባይ ሲገናኙ ያያሉ» የሚል ምክር ሁሉ ዋጋ አጣ። የየመን ሰማይም እንዲሁ ብዙ አየር መንገዶች የሚሸሹት ነው።

ሦስተኛው ማረፊያ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ አውሮፕላን ነዳጅ እስከ አፉ ሞልቶ መነሳት ይቸግረዋል፤ ወደ አሜሪካ ሲኬድ መንገድ ላይ ነዳጅ የሚሞላው ለዚህ ነው። በተለያዩ ዓመታት ዱብሊንም ሎሜም ማረፊያ ሆነዋል። በሎሜ የሚሄድ በረራ ምዕራብ አፍሪካን፣ በዱብሊን የሚሄድ ሰሜን አፍሪካንና አውሮፓን ያሳያል። ሁለቱ የማይገናኙ ጉዞዎች ናቸው፤ የተለያየ የመቀመጫ ምርጫም ይፈልጋሉ።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። የበረራ ቁጥርዎን ይዘው ፍላይትሬዳር24 ወይም ፍላይትአዌር የሚባሉት የበረራ መከታተያ ድረ ገጾች ላይ ይግቡና ያ በረራ ባለፉት አምስት ወይም ሰባት ቀናት የሄደበትን መንገድ አንድ በአንድ ይክፈቱ። አምስቱም ቀን በአንድ መስመር ከሄደ ይመኑት። ከቀን ቀን እየተለያየ ከሆነ (አትላንቲክ ላይ እንደ ነፋሱ በየቀኑ ይለያያል) ከሁሉም መስመሮች በአንድ በኩል የሚቀረውን ነገር ብቻ ዒላማ ያድርጉ። ቀጥሎ ጎግል ኧርዝ ላይ ያንኑ መንገድ ያስምሩና ከመንገዱ እስከሚፈልጉት ተራራ ወይም ሐይቅ ያለውን ርቀት በመለኪያው ይለኩ። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።

በምሳሌ እንየው። ከአዲስ አበባ ወደ ጆሃንስበርግ የሚወስደው አጭር መንገድ ወደ ደቡብ፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ ያዘነበለ ነው። እንደተነሱ ወዲያው የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይጀምራሉ፤ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታ፣ ሻላና ሐዋሳ ከመንገዱ በጣም ስለሚቀርቡ በየትኛው ጎን እንደሚወጡ የሚወስነው የዕለቱ አነሳስ ነው። አባያና ጫሞ ግን በቀኝ ናቸው። ቱርካና ሐይቅም በቀኝ፣ ወደ 115 ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል። ከምድር ወገብ አጠገብ የኬንያ ተራራ (5,199 ሜትር) በግራ 140 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ኪሊማንጃሮ (5,895 ሜትር) ደግሞ በግራ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቪክቶሪያ ሐይቅ በቀኝ ነው። እንግዲህ የሐይቅ ሰው ቀኝ፣ የተራራ ሰው ግራ ይቀመጣል ማለት ነው። በእኛ ግምት ቀኙ ይሻላል፤ 240 ኪሎ ሜትር የራቀ ኪሊማንጃሮ በጠራ ቀንም ቢሆን ከደመና በላይ እንደ ትንሽ ነጭ ቆብ ነው የሚታየው። ኪሊማንጃሮን በደንብ ማየት የሚፈልግ ወደራሱ ወደ ኪሊማንጃሮ አውሮፕላን ማረፊያ የሚበረውን ይያዝ።

3. ሰዓቱን ያስሉ

መጀመሪያ የሰዓት አቆጣጠሩን ይለዩ። ትኬት ላይ 22:45 ካለ በእኛ ከምሽቱ 4:45 ነው፤ 08:30 ካለ ከጠዋቱ 2:30። የመድረሻው ሰዓት ደግሞ የመድረሻው አገር ሰዓት ነው። ይህን ቀላቅሎ «ጠዋት ነው የምንደርሰው» ብሎ ጨለማ ውስጥ የሚያርፍ ብዙ ነው።

ቀጥሎ የሚፈልጉት ቦታ ላይ አውሮፕላኑ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ከመከታተያው ድረ ገጽ ይውሰዱና በዚያ ቀንና ቦታ ፀሐይ የምትወጣበትንና የምትገባበትን ሰዓት ያነጻጽሩ። 11 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሰው ፀሐይን መሬት ላይ ካለው ሰው ቀድሞ ያያታል፤ በእኛ አካባቢ ወደ 13 ደቂቃ ያህል። ወደ ሰሜን በራቁ መጠን ልዩነቱ ይሰፋል።

የአውሮፓን የሌሊት በረራ እንውሰድ። ከቦሌ እኩለ ሌሊት አካባቢ ተነስቶ ንጋት ላይ ፍራንክፈርት የሚደርስ በረራ፣ በአድሪያቲክ በኩል ከመጣ፣ ለማረፍ አንድ ሰዓት ሲቀረው የአልፕስን ተራሮች በግራው ያደርጋል። በሰኔ ፍራንክፈርት ላይ ፀሐይ ከሌሊቱ 11:15 ገደማ ስለምትወጣ ተራሮቹ የመጀመሪያውን ቀላ ያለ ብርሃን ሲቀበሉ ይደርሳሉ። በታኅሣሥ ግን ፀሐይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የምትወጣው፤ ያው በረራ፣ ያው መቀመጫ፣ ድቅድቅ ጨለማ። በአውሮፓ የብርድ ወራት ለሚደረግ የሌሊት በረራ ለመስኮት ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል የምንመክረው መተኛት ለሚፈልግ ሰው ብቻ ነው፤ ግድግዳው ራስ ለማስደገፍ ይመቻል።

ወደ ምዕራብ የሚሄድ የቀን በረራ ከሁሉም የተሻለ ነው። በ60 ዲግሪ ሰሜን ላይ ምድር የምትዞረው በሰዓት 835 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አውሮፕላኑ 900 ይሄዳል። ስለዚህ ከፍራንክፈርት ቀትር ላይ ወደ ሲያትል የተነሳ ሰው፣ ከብርድ ወራት ውጭ ከሆነ፣ ዘጠኝ፣ አሥር ሰዓት ሙሉ ቀኑ አይመሽበትም፤ ያውም በግሪንላንድ በረዶ ላይ እያለፈ። በአውሮፓ በኩል ወደ አሜሪካ ምዕራብ ለሚሄዱ ወገኖቻችን ከዚህ የበለጠ የመስኮት ጉዞ የለም። ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ ሌሊቱ ያጥርና አብዛኛው ነገር በጨለማ ያልፋል።

ወቅትም አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ የኢትዮጵያ ደጋ በደመና ስር ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ይጠራል። በቆላና በምድር ወገብ አካባቢ ጠዋት ጥርት ያለው ሰማይ ከቀትር በኋላ ቁልል ደመና ያበቅላል፤ ተራራ ማየት የፈለገ የጠዋቱን በረራ ይምረጥ። በሎሜ በኩል ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ለሚያልፍ ደግሞ ከሰሃራ የሚነሳው የሐርማታን አቧራ መሬቱን ወተት ያስመስለዋል።

4. ግራ ወይስ ቀኝ?

የሚፈልጉት ነገር በአንድ በኩል ብቻ ካለ ጉዳዩ አልቋል። በሁለቱም በኩል የሚታይ ነገር ካለ የሚወስነው ፀሐይ ነው። ከፀሐይ ተቃራኒ ያለውን ጎን፣ ማለትም ጥላውን ጎን ይምረጡ። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን በአየሩ ውስጥ ያለው አቧራ ሁሉ ያበራና መሬቱን ይጋርዳል፣ የመስታወቱ ጭረትም ይፈካል። ፀሐይ ከጀርባዎ ስትሆን መሬቱ በሙሉ ብርሃን ይመጣል፣ ቀለሙም እውነተኛ ይሆናል። በዚያው ጎን የአውሮፕላኑ ጥላ ደመና ላይ ወድቆ፣ በዙሪያው ቀስተ ደመና የሚመስል ክብ ይታያል። ፀሐይ ከገባች በኋላም በዚያ በኩል የምድር ጥላ እንደ ሰማያዊ መጋረጃ ከአድማሱ ሲነሳ ማየት ይቻላል፤ ሕዝቡ በሌላው ጎን ጀምበር ሲያይ ይህን የሚያየው ጥቂቱ ነው።

በተግባር፦ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ቀኝ ምሥራቅ፣ ግራ ምዕራብ ነው። ጠዋት ከሆነ ግራ፣ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ቀኝ ይቀመጡ። ወደ ደቡብ ሲሄዱ በተቃራኒው ነው። በአውሮፓና በሰሜን አትላንቲክ ላይ ፀሐይ ቀትር ላይ ሁልጊዜ በደቡብ ስለሆነች ወደ ምዕራብ ሲኬድ ግራው ይሞቃል፣ ቀኙ ጥላ ነው። በግሪንላንድ በረዶ ላይ ይህ ልዩነት ከባድ ነው፤ ግራ የተቀመጠ ሰው በነጸብራቁ መስኮቱን ይዘጋል። በአገራችን ሰማይ ላይ ግን ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ከአናት ብዙም ስለማትርቅ ለምርጫው ያን ያህል ለውጥ አታመጣም።

ሁለት ልዩ ሁኔታዎች አሉ። የፀሐይ መውጫ ወይም መግቢያ የሚፈልግ እርግጥ ነው ወደ ፀሐይ ይዞራል። ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ በሌሊት የሚሻገር ሰው ደግሞ ግራ፣ ማለትም ሰሜን በኩል ይቀመጥ፤ በሰሜን ዋልታ አካባቢ ሰማይ ላይ የሚወዛወዘው አረንጓዴ ብርሃን የሚታየው በዚያ በኩል ነው። ጨረቃ የሌለችበት ሌሊት ይረዳል።

የማረፊያና የመነሻ እይታ የራሱ ስሌት አለው። የማኮብኮቢያ ቁጥር በአሥር ሲባዛ የኮምፓስ አቅጣጫ ነው። ቦሌ 07 እና 25 ነው፤ 07 ማለት 70 ዲግሪ (ምሥራቅ፣ ጥቂት ወደ ሰሜን)፣ 25 ማለት 250 ዲግሪ። በ25 ሲያርፍ ከተማውና እንጦጦ በቀኝ፣ የቢሾፍቱ አካባቢ በግራ ነው። በ07 ሲያርፍ ከተማው በግራ ነው። ዱባይ ላይ ማኮብኮቢያው 12 እና 30 ነው፦ በ30 ሲያርፍ 828 ሜትር የሚረዝመው ቡርጅ ኸሊፋ በግራ፣ በ12 ሲያርፍ በቀኝ። ሲያትል ላይ ወደ ደቡብ ሲያርፍ የሬኒየር ተራራ (4,392 ሜትር) በግራ ይመጣል። ዋሽንግተን ዳላስ ላይ ግን የከተማውን ሐውልቶች አይጠብቁ፤ ከመሃል ከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ነው። ሐውልቶቹ የሚታዩት በከተማው አጠገብ ባለው በሬገን አውሮፕላን ማረፊያ፣ ወንዙን ተከትሎ ከሰሜን ሲያርፍ፣ በግራ ነው። የትኛው ማኮብኮቢያ እንደሚሠራ የሚወስነው የሰዓቱ ነፋስ ስለሆነ በዚህ ብቻ ተመሥርተው ጎን አይምረጡ፤ እንደ ምርቃት ይቁጠሩት።

5. አውሮፕላኑና መስኮቱ

ፊትዎን ወደ አውሮፕላኑ አፍንጫ አዙረው ሲያዩ በግራ ጥግ ያለው መቀመጫ ፊደሉ ሁልጊዜ «ኤ» ነው። የቀኙ ጥግ በሰፊ አውሮፕላኖች «ኬ» ወይም «ኤል»፣ በብዙ ጠባብ አውሮፕላኖች «ኤፍ» ነው። አየር መንገዶች ስለሚለያዩ ፊደሉን ከመቀመጫ ካርታው ያረጋግጡ።

የቦይንግ 787 መስኮት ከመንገደኛ አውሮፕላኖች ትልቁ ነው፤ 47 በ27 ሴንቲ ሜትር ገደማ። መሃል የተቀመጠ ሰው እንኳን አድማሱን ያያል። ጉድለቱ መጋረጃ የለውም፤ በቁልፍ ነው የሚጠቁረው፣ አስተናጋጆችም ሁሉንም በአንድ ጊዜ አጥቁረው ሊቆልፉት ይችላሉ። የጠቆረ መስታወት ውስጥ የተነሳ ፎቶ ሰማያዊ ይወጣል። ኤርባስ ኤ350 መስኮቱ ትንሽ ያንሳል፤ በአብዛኛው በመጋረጃ ስለሚዘጋ ግን የራስዎን መስኮት የሚያዙት እርስዎ ነዎት። በረጅም የቀን በረራ ላይ ይህ ጥቅም ቀላል አይደለም። ቦይንግ 777 ኋላው ስለሚጠብ በጎን ሦስት የነበረው መቀመጫ በአንዳንዶቹ የመጨረሻ ረድፎች ላይ ሁለት ይሆናል፤ ለባልና ሚስት ምርጥ ነው። ግን በመቀመጫውና በግድግዳው መካከል ክፍተት ስለሚፈጠር መስኮቱ ላይ ለመድረስ ማጎንበስ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ትልቁ ወጥመድ። መስኮቶች የሚቀመጡት በአውሮፕላኑ የጎድን አጥንቶች መካከል፣ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ልዩነት ነው። መቀመጫዎች ደግሞ አየር መንገዱ በመረጠው ርቀት፣ ኢኮኖሚ ላይ በተለምዶ 79 ወይም 81 ሴንቲ ሜትር ይደረደራሉ። ሁለቱ መለኪያዎች አይገናኙም። ስለዚህ አንዱ ረድፍ መስኮቱ ልክ ከፊቱ ይሆናል፣ ቀጣዩ ትከሻው ላይ ይሆናል፣ ሌላው ደግሞ አንገቱን ወደ ኋላ ካልጠመዘዘ ምንም አያይም። አየር መንገዱ የሚያሳይዎት የመቀመጫ ካርታ ይህን አይነግርም። ኤሮሎፓ የሚባለው ድረ ገጽ ግን መስኮቶቹን በትክክለኛ ቦታቸው ሥሎ ያሳያል፤ የአየር መንገዱን ስምና የአውሮፕላኑን ዓይነት መርጠው ረድፍዎን ይፈልጉ። የሚፈልጉት መስኮቱ ከመቀመጫው መደገፊያ ትንሽ ፊት ያለበትን ረድፍ ነው።

መስኮት ጨርሶ የሌለበት ቦታም አለ። በቦይንግ 737 ላይ ከክንፉ ትንሽ ፊት፣ በአብዛኛው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ረድፍ ባለው፣ የአየር ማቀዝቀዣው ቱቦ በግድግዳው ውስጥ ወደ ላይ ስለሚወጣ አንድ መስኮት ይታለፋል። ወደ ገልፍ በ737 የሚሄድ ሰው ይጠንቀቅ። የአደጋ ጊዜ መውጫ በር ያለበት ረድፍም እግር ይዘረጋል እንጂ መስኮቱ ትንሽ ወይም ከቦታው ያፈነገጠ ሊሆን ይችላል።

6. ረድፉ

ክንፉ የአውሮፕላኑን መካከለኛ ሲሶ ያህል ይሸፍናል። ሦስት ምርጫ አለ።

ከክንፉ ፊት ምርጡ እይታ ነው፤ ምንም የሚጋርድ የለም፣ የሞተር ሙቀትም የለም። በሰፊ አውሮፕላኖች ይህ ቦታ በአብዛኛው በቢዝነስ ክላስ የተያዘ ነው። ለኢኮኖሚ የሚተርፉት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ረድፎች ቁልቁል ሲያዩ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ላይ ያርፋሉ።

ክንፉ ላይ፦ መውዛወዝ የሚፈራ ሰው እዚህ ይቀመጥ፣ በጣም የሚረጋጋው ቦታ ነው። ለእይታ ግን ይተዉት።

ከክንፉ ኋላ፦ ለኢኮኖሚ ተሳፋሪ መልሱ ይህ ነው። ግን ከክንፉ ጠርዝ ወዲያው ኋላ ያለው ረድፍ ካርታው ላይ ነጻ ቢመስልም አያታልልዎ። ፊት ለፊቱን ክንፉ ይዞበታል። በተለይ የ787 ክንፍ በአየር ላይ ወደ ላይ ስለሚለመጥ አድማሱን ይቆርጠዋል። ከሞተሩ የሚወጣው ሙቀትም በዚያ መስመር የሚታየውን መሬት ያንቀጠቅጠዋል፤ ዓይን ብዙም አይለየውም፣ ፎቶ ግን ይበላሻል። ስለዚህ ከክንፉ የኋላ ጠርዝ ቢያንስ ስድስት ወይም ሰባት ረድፍ ወደ ኋላ ይሂዱ፤ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ረድፎች ደግሞ ይራቁ። እዚያ ሽንት ቤትና ወጥ ቤት አለ፣ መደገፊያውም ላይተኛ ይችላል። በመካከሉ የሚቀሩት ከአምስት እስከ ስምንት ረድፎች ናቸው። ሌላው ተሳፋሪ ስለሚሸሻቸው ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ የላቸውም። ፊት ለፊት ላለ መቀመጫ ከሚከፈለው ገንዘብ እነዚህ የተሻለ ያሳያሉ።

አገር ቤት ገብተው ወደ ባሕር ዳር፣ ጎንደር ወይም ላሊበላ በዳሽ 8 የሚቀጥሉ ከሆነ ይህ ሁሉ ሕግ ይፈርሳል። ክንፉ ከላይ ስለሆነ የትም ቢቀመጡ መሬቱ ይታያል፤ መራቅ ያለብዎት ከሚሽከረከረው ፕሮፔለርና ከሞተሩ ትይዩ ካለው ረድፍ ብቻ ነው።

7. መቀመጫውን መያዝና መጠበቅ

ትኬቱን በኤጀንሲ ከቆረጡ ኤጀንቱ መቀመጫ እንዳስያዘልዎ አይገምቱ። የቡኪንግ ኮድዎን ይዘው የአየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ ራስዎ ይግቡ። ትኬቱን የሸጠውና በረራውን የሚያበረው አየር መንገድ የተለያዩ ከሆኑ መቀመጫ የሚሰጠው የሚያበረው ነው፤ የእሱን ኮድ ጠይቀው ይውሰዱ።

በጣም የሚያበሳጨው ነገር የአውሮፕላን መቀየር ነው። በ787 የተያዘ ረድፍ በኤ350 ሲቀየር ኮምፒውተሩ ያንኑ ቁጥር ወይም የሚቀርበውን ይሰጥዎታል፤ ቁጥሩ ያው ሆኖ ቦታው ክንፍ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከበረራው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከዚያም ኦንላይን ቼክ ኢን እንደተከፈተ፣ የአውሮፕላኑን ዓይነትና ረድፉን እንደገና ይዩ። ቼክ ኢን ሲከፈት ለልዩ ደንበኞች የተያዙ መቀመጫዎች አንዳንዴ ስለሚለቀቁ የተሻለ የሚገኘውም ያን ጊዜ ነው። ያም ካልሆነ አውሮፕላን ማረፊያው ቼክ ኢን ጠረጴዛ ላይ ቀድመው ይድረሱና በትክክል ይጠይቁ፦ «እህቴ፣ ከክንፉ ኋላ፣ በግራ በኩል መስኮት ይኖርሻል?» «መስኮት ስጪኝ» ብቻ ያለ ሰው ክንፍ ላይ ቢሰጠው ወቀሳው የራሱ ነው።

ከእናት ወይም ከአባት ጋር የሚጓዝ ሰው ደግሞ ያስብበት። ሽንት ቤት የሚመላለሱ፣ እግራቸው የሚያብጥ ትልቅ ሰው መስኮት ላይ ከተቀመጡ ሁለት ሰው ማስነሳት ያሳፍራቸውና ውሃ መጠጣት ይተዋሉ። ለሳቸው መተላለፊያው፣ ለእርስዎ መስኮቱ ይሁን። እርስዎም ቢሆን በየሁለት ሰዓቱ ተነስተው ይራመዱ።

8. ከተቀመጡ በኋላ

ከበረራው በፊት የመንገዱን ካርታ ስልክዎ ላይ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርገው ያውርዱ። ጂፒኤስ ምልክት ይቀበላል እንጂ አይልክም፤ ስለዚህ በአብዛኞቹ ስልኮች በኤርፕሌን ሞድም ይሠራል። ስልኩን መስታወቱ አጠገብ ጥቂት ደቂቃ ይያዙት፤ የት እንዳሉ ያሳያል። የሚፈልጉት ቦታ ከመድረሱ 15 ደቂቃ በፊት ማንቂያ ይሙሉ። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውሮፕላን በ15 ደቂቃ 225 ኪሎ ሜትር ይጨርሳል፤ እንቅልፍ ከወሰደዎት ሙሉ ሐይቅ ያልፋል።

መስታወቱን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ። የሚጠርጉት የውስጠኛውን ብቻ ነው፤ ንብርብሮቹ ሦስት ናቸው፣ በመካከለኛው ታች ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ግፊት ለማመጣጠንና ጉም ለመቀነስ የተበሳች ነች። በዙሪያዋ የበረዶ አበባ ቢሠራ ብልሽት አይደለም።

ፎቶ ሲያነሱ ፍላሹን ያጥፉ። ሌንሱን ወደ መስታወቱ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ያስጠጉ እንጂ አያስነኩ፤ ንዝረቱ ምስሉን ያደበዝዘዋል። ሩቁ ላይ ጣትዎን ተጭነው ትኩረቱን ይቆልፉ፤ አለበለዚያ ካሜራው ጭረቱ ላይ ያተኩራል። በካሜራ ከሆነ የመዝጊያውን ፍጥነት 1/1000 ሰከንድ አካባቢ ያድርጉ። ፖላራይዝድ ማጣሪያም ፖላራይዝድ መነጽርም ያውልቁ፤ በፕላስቲኩ መስታወት ላይ የሌለ ቀስተ ደመና ይፈጥራሉ። ጥቁር ልብስ ይልበሱ፤ ነጭ ሸሚዝ መስታወቱ ውስጥ ራሱን ያሳያል።

ሁሉም ተኝቶ መብራቱ ሲጠፋ መጋረጃ መክፈት ከጎረቤት ያጣላል። መፍትሔው ብርድ ልብሱን ወይም ጋቢዎን ከራስዎ ላይ አድርገው ጫፉን ከመስኮቱ ጠርዝ ማያያዝ ነው። የመስኮቱ ብርሃን ወደ ጎረቤት አይወጣም፣ የውስጡ ነጸብራቅም ስለሚጠፋ ከዋክብቱ ይፈካሉ። 787 ላይ መስኮቱ ተቆልፎ ከሆነ አስተናጋጇን በትሕትና ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የአንድ ረድፍ መስኮት ለጥቂት ደቂቃ ይለቃሉ፣ በተለይ ምን ለማየት እንደፈለጉ ከነገሯቸው።